ስለ ኪቦርድና ስለ አስተርጓሚው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ነው።

ቤታችን ቆሼ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ ስፍራ መሆኑን ታውቃላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲያልቁ እኔ ገና ሕፃን ነበርሁ። ባለፈው ክረምት የዕድራችን መዝገብ ስለ ነተበ የአባላቱን ስም፣ በዚያ ቀን ያለፉትንም ጭምር፣ በኮምፒውተር እንድገለብጥ ታዘዝሁ። ኪቦርዱን ከቁራሌው በርካሽ ገዛሁት። ሽማግሌዎቹ አይተው «ልጄ፣ ይህ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው ያለበት፤ የሰዎቻችንን ስም በዚህ ልትጽፍ ነውን?» አሉኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

በጽሕፈት መኪና ፊደሉ በብረት የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ ብለው መኪናውን ራሱን ማበጀት ነበረባቸው። ኪቦርድ ግን አንድም ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው የተነካውን ቁልፍ ቁጥር ብቻ ነው።

ቁጥሩን የሚቀበለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክፍል ድራይቨር ይባላል። ስሙን ስሰማ ሾፌር መስሎኝ ነበር፤ ሥራውን ሳይ ግን አስተርጓሚ ቢባል ይሻለው ነበር። የዩኤስቢ ኪቦርድ ሲሰካ ሊኑክስ አስቀድሞ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «ኪቦርድ ነኝ» ካለ፣ ፋብሪካው የትም ይሁን የት፣ ለወገኑ ሁሉ የሚያገለግል ድራይቨር ይመደብለታል፤ ፋብሪካዎቹ በአንድ ቋንቋ ተስማምተዋልና። የቁራሌው ዕቃ ያለ ችግር የሠራልኝ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም ኮምፒውተሩ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» ይለዋል። የኤስን ቁልፍ ብነካ ኪቦርዱ «22» ይላል፤ ድራይቨሩ ሊኑክስ በሚያውቀው ቁጥር «31» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሲጫን 1፣ ሲለቀቅ 0 ያክልበታል። በአሮጌው ክብ መሰኪያ የሚገባው ኪቦርድ እስኪጠየቅ አይጠብቅም፤ እንደ ባለጉዳይ ራሱ ያንኳኳል። የእርሱም ድራይቨር ያንኑ 31 ስለሚያቀርብ፣ ከላይ ያለው ፕሮግራም የዕቃውን ማንነት መመርመር አያስፈልገውም።

ታዲያ አማርኛው ወዴት ነው? ከድራይቨሩ በላይ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም የኤስን ቁልፍ ሲቀበል «ስ» ይጽፋል፤ ቀጥሎ የኢ ቁልፍ ሲነካ «ስ»ን አንሥቶ «ሰ»ን ይተካል። «ላ» እና «ም» ሲከተሉ «ሰላም» ይሆናል። ፊደላችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፣ እኔ የጻፍሁት ስም በሌላው ኮምፒውተር እንዳለ ይነበባል። ከዚያ አስቀድሞ የአማርኛ ፕሮግራሞች ለፊደሉ እየራሳቸው ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እንግዲህ አማርኛን በላቲን ፊደል የምትጻጻፉ ጓደኞቼ አትቀየሙኝ፤ በዕቃው ማመካኘት አይቻልም።

አንድ ቀን ኪቦርዴ «ምምምም» እያለ መስመሩን ሞላው። ድራይቨሩን ወቀስሁ፤ ኋላ ግን ከቁልፉ ሥር የደረቀ ጭቃ ተገኘ። ድራይቨር የተነገረውን ያደርሳል እንጂ አይፈርድም። በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ ቀጠልሁ። ስሞቹን በፊደል ተራ ስለምጽፍ እስካሁን ከ«ሀ» እስከ «ተ» ደርሻለሁ፤ ሽማግሌዎቹም እሑድ እሑድ እየመጡ ስሙ ሳይዛነፍ መጻፉን ያያሉ።