የኢዮቤልዩ ትርጓሜና የጎረቤት አገልግሎት



ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ዛሬ በብዙ ሰው አፍ የሚነገረው ዕድሜን ለመቍጠር ነው። በጥንቱ በሙሴ ሕግ ግን ነገሩ ከዚህ የጠለቀ ነበረ። ኀምሳኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ በድህነት ምክንያት ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይገባ ነበር፤ ራሱን ለባርነት የሸጠውም ከነልጆቹ ወደ ወገኖቹ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የምታከብር ማኅበረ ምእመናን ስንት ዓመት እንደ ኖረች ብቻ ልትናገር አይበቃትም፤ በነዚያ ዓመታት በእርስዋ ምክንያት ማን ነፃ እንደ ወጣና ማን ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ልትጠየቅ ይገባታል እንጂ።

ይህም ጥያቄ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ በኢትዮጵያ በሚገኙት የሉተራን ምእመናን ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ ያለ ነው። የስዊድን ወንጌላዊት ማኅበር መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1866 ዓ.ም. ነው። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ አገር ለመዝለቅ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው በባሕሩ ዳር ቆዩ። እነርሱ ወደ አገሩ መግባት ቢያቅታቸው፥ የአገሩ ልጆች በባርነት ወደ ባሕሩ ዳር ይወርዱ ነበር። ከነዚህም አንዱ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ገና ሕፃን ሳሉ ተሰርቀው፥ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ፤ በዚያም ነፃ ከወጡ በኋላ ከሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. ተጠመቁ። የሥራ ባልደረባቸው አስቴር ጋኖም እንደዚሁ ከባርነት ነፃ የወጡ ነበሩ። የእነርሱ ድካም እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አስገኘ። ኦኔሲሞስም እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. ነቀምት ገብተው፥ እ.ኤ.አ. በ1931 ዓ.ም. እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ ልጆችን ፊደል እያስቈጠሩ ወንጌልን አስተማሩ። እንግዲህ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉን በቋንቋው ያነበቡላት ሰዎች ከገበያ የተመለሱ ባሮች እንደ ነበሩ ሊዘነጋ አይገባም።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. ካርል ሴደርክቪስት የሚባለው ስዊድናዊ አዲስ አበባ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ከዚህ ትንሽ መነሻ ሥራው እያደገ ሄዶ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። በዚያን ጊዜ አባሎችዋ 20 ሺሕ ያህል ነበሩ፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ይህን ቍጥር የሚሰማ ወጣት የቀድሞውን ችግር ላያውቀው ይችላል። ወንጌላውያን በብዙ ሥፍራ ከዕድር የተገለሉበት፥ የሞተባቸውንም ሰው የሚቀብሩበት ሥፍራ ያጡበት ዘመን ነበረ። ሬሳ ተሸክሞ መቃብር እንደ መለመን ያለ መራራ ነገር የለም። ይህን መራራ የቀመሰ ወገን የጎረቤቱን ኀዘን አይቶ ቢያልፍ ከሌላው ሰው ይልቅ ይወቀሳል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተመሠረተች ከ13 ዓመት በኋላ፥ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ፥ ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልጅ ልማት ግንኙነት አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። የደብዳቤው ምክንያት እንዲህ ነበር። በውጭ አገር ያሉት ረጂዎች ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት፥ ለውሃና ለእርሻ ገንዘብ በደስታ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌላውያን ማሠልጠኛና ለስብከት ሥራ የሚሰጠው ግን ጥቂት ነበር። ደብዳቤውም ሰውን ከሁለት ከፍሎ ሥጋውን በአንድ መዝገብ፥ ነፍሱን በሌላ መዝገብ መጻፍ እንደማይገባ አስረዳ። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚሁ ነገር ናይሮቢ ላይ ጉባኤ ተደረገ።

ብዙ ሰዎች ይህን ደብዳቤ ሲያነሡ ለድሆች ርዳታ ብቻ የተጻፈ ያስመስሉታል። ነገሩ ግን ከዚህ የሰፋ ነው። ደብዳቤው ዳቦ ብቻ ይበቃል የሚለውንም፥ ቃል ብቻ ይበቃል የሚለውንም ሁለቱን ይገሥጻል። የተራበ ሰው ተስፋም ይርበዋል፤ ተስፋ ያጣ ሰውም ብዙ ጊዜ እንጀራ አጥቶአል። ስለዚህ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን የሚከለክል አገልግሎት ሰውየውን በሙሉ አላየውም ማለት ነው።

ይህን ትምህርት ያስተማሩት ሰው የመጨረሻ አገልግሎታቸውን የፈጸሙት በዚሁ በከተማው ምሥራቅ በኩል፥ ዑራኤል በሚገኘው በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በዚያ አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። ቄስ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይም ከብዙ ሥቃይ ጋር 10 ዓመት ያህል ታሰሩ። ቄስ ጉዲና ከዚያ በፊት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው መሄድን እምቢ ብለው ነበር። ዐፅማቸውም የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበረ። ቤተ ክርስቲያኒቱ መቃብር አጥታ የኖረችበት ዘመን አልፎ ሳለ፥ መሪዋ ደግሞ 13 ዓመት ያህል መቃብራቸው ሳይታወቅ ቆዩ።

በዚያን ዘመን የተወሰደው የሰው ሕይወት ብቻ አልነበረም። በየካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው፥ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወረሰ። በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገርም ብዙ አብያተ ጸሎት ተዘጉ። ታላላቁ ሕንፃ ሲዘጋ ግን ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበው ጸለዩ፤ የታሰረውን ጠየቁ፤ የታሰረበትን ቤተ ሰብ መገቡ። ከዚህ የምንማረው ትምህርት ግልጥ ነው። ጣቢያና አዳራሽ በአንድ ቀን ትእዛዝ ይወረሳል፤ በጎረቤት መካከል የተዘራ ፍቅር ግን የሚወርሰው የለም።

አሁንም ዓይንን ወደ ዛሬው ሠፈር መመለስ ያስፈልጋል። ቦሌ የአውሮፕላኑ ማረፊያ ከልደታ ወደዚያ ከመዛወሩ በፊት እርሻና ግጦሽ ነበረ። ዛሬ ግን ሰማይ የሚነካ ሕንፃ ከቆርቆሮ ቤት ጋር ጐን ለጐን ቆሞ ይታይበታል። በዚህም በር ብዙ ወጣት ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺሕ በላይ ነበሩ። ከነዚህ ብዙዎቹ አንዲት ፌስታል ብቻ ይዘው ነበር፤ ወደ ወላጆቻቸው ባዶ እጃቸውን መግባት ያፈሩም ነበሩ፤ አእምሮአቸው የታወከም ነበሩ። በባርነት ተሽጠው የተመለሱትን ሰዎች የመጀመሪያ አስተማሪዎችዋ ያደረገች ቤተ ክርስቲያን፥ በዚህ በር የምትገባውን ልጅ ባዕድ ናት ልትል አትችልም።

ሁለተኛውም ነገር የመኖሪያ ቤት ነገር ነው። ዛሬ የከተማውን ዳርቻ የሞላው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ በሙከራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በገርጂ ነው። ከዚያ በኋላ ሰሚት፥ የካ አባዶ፥ ቦሌ አራብሳ ተሠሩ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤት ማግኘቱ ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን ዕጣው ቤት ሲሰጥ ጎረቤት አይሰጥም። በአሮጌው ሠፈር 30 ዓመት አብረው ቡና የጠጡ፥ በአንድ ዕድር የተቀባበሩ ሰዎች ተበታትነው በየፎቁ ገቡ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ባልቴት ብትታመም፥ ከታች ያለው ሰው የሚሰማው ደረጃውን የሚወርድ ሬሳ ሲያይ ነው። ድንኳን የሚተከልበት ግቢ ጠፍቶ ኀዘንተኛው በመኪና ማቆሚያ ቦታ ይቀመጣል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የምትኖር ማኅበረ ምእመናን ምን ልታደርግ ትችላለች ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ ዕድርዋን ለአባሎችዋ ብቻ ሳትዘጋ፥ በዚያው ሕንፃ ለሚኖረው ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ጎረቤት ብትከፍት፥ አባቶችዋ የተነፈጉትን ነገር ለሌላው ሰጠች ማለት ነው። ደግሞም በየሕንፃው ሁለት ሁለት ሰዎች መድባ፥ የታመመውን የሚጠይቁ፥ የወለደችውን አራስ ገንፎ የሚያገነፉላት ቢሆኑ፥ ያ የፈረሰ ጉርብትና በመጠኑ ይጠገናል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በገጠር ፊደል እንዳስቈጠረች ሁሉ፥ ዛሬም ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የምትነሣ ልጅ ከመፈረምዋ በፊት ውሏን የሚያነብላትና ደመወዝዋን የሚያስረዳት አንድ የተማረ ምእመን ቢገኝ፥ ይህ የዘመኑ የፊደል ትምህርት ነው። ለተመለሰችውም ልጅ ወደ አገርዋ የምትሳፈርበትን ገንዘብ እስክታገኝ ጥቂት ሌሊት የሚያሳድራት ቤተ ሰብ ቢኖር፥ ይህ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይናገራል።

ሆኖም በዚህ ሥራ ሦስት አደጋዎች አሉበት። አንደኛው አደጋ ዳቦን መንጠቆ ማድረግ ነው። ርዳታ ሰጥቶ በምላሹ የሃይማኖት መዝገብ ማስፈረም ነፍስን እንደ መሸመት ይቈጠራል፤ የተቀባዩንም ክብር፥ የወንጌሉንም ክብር ያዋርዳል። ሁለተኛው አደጋ ይህን ፈርቶ አፍን መዝጋት ነው። የሚያጽናናውን ቃል የሚያውቅ ሰው ኀዘንተኛ ሲጠይቀው እንኳ ዝም ቢል፥ እጁ ሲሰጥ ልቡ ነፈገ። ሦስተኛው አደጋ ሥራውን ሁሉ ለሌላ መተው ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን አላት፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በደጅዋ የተኛ ሰው ሳለ ጉዳዩ የኮሚሽኑ ነው፥ የረጂዎች ነው የምትል ማኅበረ ምእመናን፥ በ1964 ዓ.ም. የተወቀሰውን ያንኑ መከፋፈል በገዛ ግቢዋ አቆመች ማለት ነው። ከውጭ የመጣ ገንዘብ ሁኔታ ይኖረዋል፤ ከምእመናን ኪስ የወጣች ሳንቲም ግን ሥጋንም ነፍስንም በአንድነት ታገለግላለች።

ኢዮቤልዩ በደረሰ ጊዜ አጥሩን ማሳመር፥ በሩን መቀባት፥ ለአዳራሹ አዲስ ወንበር መግዛት የተለመደ ነው፤ ይህም አይነቀፍም። ነገር ግን በተቀባው በር ላይ የቆመው ዘበኛ የተቀደደ ልብስ የለበሰውን ሰው የሚመልስ ከሆነ፥ ቀለሙ ከንቱ ነው። የማኅበረ ምእመናን ልክ የሚታወቀው በውስጥዋ በሚቀመጠው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከአምልኮ በኋላ በበርዋ ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ በሚሄደው ሰው ጭምር ነው።

የአገራችን ሽማግሌዎች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ችግር ለአንድ ቄስ ወይም ለአንድ ኮሚቴ ከባድ ሸክም ነው፤ እያንዳንዱ ምእመን አንድ ሎሚ ቢያነሣ ግን ለማኅበሩ ሁሉ ጌጥ ይሆናል። በጥንት ዘመን የኢዮቤልዩ መለከት የሚነፋው በቤተ መቅደሱ ውስጥ ለተቀመጡት ብቻ አልነበረም፤ በምድሩ ሁሉ ይሰማ ዘንድ ነበር። ዛሬም የሚከበረው በዓል በአራተኛ ፎቅ ላሉት ባልቴትና በአውሮፕላኑ ማረፊያ በር ለቆመችው ልጅ ቢሰማ፥ ያን ጊዜ ኢዮቤልዩው እውነተኛ ኢዮቤልዩ ይሆናል።

እግዚአብሔር የዚህችን ማኅበረ ምእመናን በር የተከፈተ፥ እጅዋንም የተዘረጋ ያድርግላት። አሜን።