ከላሞቹ እስከ ሴት ልጆቹ

የዛሬው ወጋችን የሚነሳው ከአሜሪካ፣ ከሚሺጋን ገበሬዎች በረት ነው።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 1973። ሚሺጋን ኬሚካል የሚባል ፋብሪካ ሁለት ነገሮችን ያመርት ነበር። አንዱ ኑትሪማስተር፤ ለከብቶች መኖ የሚጨመር ማግኒዥየም ኦክሳይድ። ሌላው ፋየርማስተር፤ ፕላስቲክ ቶሎ በእሳት እንዳይያያዝ የሚጨመርበት፣ ፒቢቢ የተባለ ብሮሚን ያለበት ኬሚካል። በስም የተቀራረቡ ናቸው። ፋየርማስተሩ በስህተት ወደ መኖ ማቀነባበሪያው ሄደ፤ ከእህሉ ጋር ተደባልቆም ለገበሬው ተሸጠ።

ላሞቹ መብላት ተዉ። ነጠፉ። ሰኮናቸው ያለ ቅጥ አደገ፤ ያረገዙትም ፅንስ ጨነገፈባቸው። አቤት ያሉ ገበሬዎች ደግሞ “አያያዛችሁ ነው” ተባሉ። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ከብቱን ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነበርና። ሪክ ሃልበርት የተባለ ወተት አምራች ግን አልተቀበለውም። የኬሚካል ምህንድስና የተማረ ሰው ስለነበር የመኖውን ናሙና ከአንዱ ላቦራቶሪ ወደ ሌላው እየላከ ወራት ታገለ። በ1974 ፒቢቢ መሆኑ ተረጋገጠ።

30 ሺህ ያህል ከብቶችና 1.5 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች እንዲወገዱ ተደረገ። እስከዚያው ግን ወተቱ ተጠጥቷል፣ ሥጋውም እንቁላሉም ተበልቷል። ፒቢቢ ደግሞ ቶሎ ከሰውነት አይወጣም። ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከእናት ወደ ፅንስ፣ ከጡትም ወደ ሕፃን ይሻገራል።

ግዛቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ፤ ኋላም ሥራውን ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተረከበው። በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በማህፀን ሳሉ ብዙ ፒቢቢ የደረሳቸውና በኋላም ጡት የጠቡ ሴት ልጆች የወር አበባ ያዩት ከእኩዮቻቸው እስከ አንድ ዓመት ቀድመው ነው። እነዚህ ልጆች ስህተቱ ሲፈጸም ገና አልተወለዱም። ሆርሞን የሚያውክ ኬሚካልን አስፈሪ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ጉዳቱ ዘግይቶ፣ ያውም በሌላ ሰው አካል ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ “ማንም አልታመመም” የሚለው መከራከሪያ እኔን ከቶ አያሳምነኝም።

ከፒቢቢ በኋላ ዘመዱ ፒቢዲኢ ገበያውን ያዘ፤ በሶፋ ስፖንጅ፣ በቴሌቪዥን ሽፋን፣ በኮምፒውተር ውስጥ። ከስፖንጁ ጋር በኬሚካል ስላልተጣበቀ ቀስ በቀስ ወጥቶ ከቤቱ አቧራ ጋር ይቀላቀላል። መሬት ላይ እየዳኸ እጁን ወደ አፉ የሚሰድ ሕፃን ከትልቅ ሰው ይበልጥ ይወስደዋል። በስዊድን ከ1972 እስከ 1997 የተሰበሰበ የእናት ጡት ወተት ሲመረመር፣ መጠኑ በየአምስት ዓመቱ በእጥፍ ገደማ ሲያድግ ተገኘ።

ፒቢዲኢ የሚያውከው ደግሞ የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ነው፤ ስለዚህ ዕጢ እኛ ባዳ አይደለንም። እንቅርትን ከደጋ እስከ ቆላ እናውቀዋለን፤ ጨዋችን ውስጥ አዮዲን የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። ዕጢው ያንን አዮዲን ይዞ የሚሠራው ሆርሞን በቅርጹ ከፒቢዲኢ ጋር ይመሳሰላል፤ አንደኛው አዮዲን በያዘበት ሌላው ብሮሚን ይዟል። ኬሚካሉ ሰውነት ውስጥ ሲለወጥ ሆርሞኑን በደም የሚሸከመውን ፕሮቲን ይሻማዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ የፅንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ የታይሮይድ ሆርሞን ነው። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች፣ በእርግዝና ወቅት ፒቢዲኢ በብዛት የተገኘባቸው እናቶች ልጆች በአእምሮ ብስለት ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይተዋል።

ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ከ2009 ጀምሮ ፒቢዲኢዎችን በእገዳ መዝገቡ አስገብቷል። የተመረተው ዕቃ ግን ዕድሜው ረጅም ነው። ቤታችሁ ውስጥ ልብሱ ተቀድዶ ስፖንጁ የሚፈረፈር አሮጌ ሶፋ ካለ ሸፍኑት ወይም አስወግዱት። አቧራውን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፤ ልጆችን ከምግብ በፊት እጃቸውን አስታጥቡ። የተበላሸ ቴሌቪዥንና የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ በፍጹም አታቃጥሉ፤ ጭሱ ከኬሚካሉ የባሰ መርዝ አለበት።