መንገዱ ለእግረኛ ሲዘጋ እኛ የት ነበርን?

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ከቀረበ ሐተታ በጽሑፍ የተወሰደ)

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ስለ ጦርነት አይደለም፤ ስለ ምርጫም አይደለም። ስለ መንገድ ነው። አንዳንዶቻችሁ "ይህ ሁሉ መከራ እያለ ስለ መንገድ ታወራለህ ወይ?" ልትሉኝ ትችላላችሁ። እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ነገሩ ከመንገድ ያለፈ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ ወዳለ አንድ የወገናችን ምግብ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ባለቤቱ እጅግ ተቆጥቶ አገኘሁት። ከቤቱ ጎን ያለችው ትንሽ መንገድ በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ ለመኪና ተዘግታ ለእግረኛ ልትሆን ነው። "ደንበኛዬ መኪናውን የት ሊያቆም ነው? ዕቃ የሚያራግፈውስ በየት ሊገባ ነው?" ይላል። እውነቱን ነው፤ ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። "ስብሰባው ላይ ይህን ተናገርክ?" ስለው "የምን ስብሰባ?" አለኝ። ባለቤቱ ደብዳቤዎቹን ሲያገላብጥ ማስታወቂያው ካልተከፈቱት መሐል ወጣ። አስተያየት የሚሰጥበት ቀን አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ ይህ ነገር እንዴት እንደመጣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባና ቤት ውስጥ ተቀምጦ መብላት ሲከለከል፣ የአካባቢው አስተዳደሮች መንገድ ዘግተው ለምግብ ቤቶች ጠረጴዛ ፈቀዱ። ሞንጎመሪ ካውንቲ ቤተስዳ ውስጥ ኖርፎክ አቬኑን እንዲህ አደረገ። አሌክሳንድሪያ ደግሞ በጥንታዊው የከተማዋ ክፍል ከኪንግ ስትሪት አንዱን ብሎክ፣ ወደ ፖቶማክ ወንዝ የሚወርደውን መቶኛውን ብሎክ፣ ለመኪና ዘጋች። ለጊዜው የተባለው ነገር ተወደደ። በ2021 የከተማዋ ምክር ቤት በቋሚነት ለእግረኛ እንዲሆን ወሰነ።

ነጋዴ በመጀመሪያ መፍራቱ አዲስ አይደለም። በ1962 ኮፐንሃገን ስትሮይት የተባለውን ጎዳናዋን በሙከራ መልክ ለመኪና ስትዘጋ ባለሱቆቹ "ከስረን መቅረታችን ነው" ብለው ነበር። ዛሬ በዓለም ከሚታወቁት የእግረኛ ጎዳናዎች አንዱ ነው። ስለዚህ እኔ መንገድ መዝጋቱን አልቃወምም። ልጆች የሚሮጡበት፣ ሽማግሌዎች አረፍ የሚሉበት፣ ዕቃ ሳይገዙ የሚቀመጡበት ቦታ ያስፈልገናል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ መንገዱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀድማ አይታዋለች። ኤልስዎርዝ ድራይቭን የማያውቅ አበሻ በዚህ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። በፌንተን ስትሪትና በጆርጂያ አቬኑ መካከል ያለው፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው የሚንሸራሸርበት ጎዳና ነው። በ2007 አንድ ሰው እዚያ ፎቶ ሲያነሳ ጥበቃ መጥቶ "እዚህ ማንሳት ክልክል ነው" አለው። ለምን? ቢባል፣ ጎዳናውን የሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ ስለሆነ ደንቡን የሚያወጣው እሱ ነው ተባለ። በሕዝብ ገንዘብ ጭምር የለማ ጎዳና መሆኑን ልብ በሉ። ፎቶ አንሺዎቹ አጉረምርመው ዝም አላሉም። በዚያው ዓመት ጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ ካሜራቸውን አንግተው በዚያው ጎዳና ላይ ሰልፍ ወጡ። የካውንቲው ጠበቃም ጎዳናው የሕዝብ መድረክ ነው የሚል አስተያየት ሰጡ።

ተመልካቾቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዛሬ ፎቶ፣ ነገ ደግሞ በራሪ ወረቀት ማደል፣ ከነገ ወዲያ ባንዲራ ይዞ መቆም ሊሆን ይችላል። ስንት ጊዜ ነው እኛ ሻማ ይዘን ለወገኖቻችን ያለቀስነው? ስንት ጊዜ ነው ሰልፍ የወጣነው? ለእግረኛ ተለቀቀ የተባለ ቦታ ሁሉ የሕዝብ ነው ማለት አይደለም። ጠረጴዛ ብቻ ሞልቶበት የማይገዛ ሰው የማይቀመጥበት፣ ጥበቃ የሚያባርርበት ከሆነ፣ ያ አደባባይ ሳይሆን የምግብ ቤት በረንዳ ነው። ልዩነቱ የሚወሰነው ደግሞ ደንቡ ሲጻፍ ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው በሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ቢች ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ። የላይኛው ክፍሉ በ2020 ለመኪና ተዘጋ። ኋላ ላይ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያቀረበው ሐሳብ የወቅት ነበር፤ በሞቃቱ ወራት ሙሉ በሙሉ ይዘጋ፣ በቀረው ጊዜ ለመኪና ክፍት ሆኖ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ብቻ ይዘጋ የሚል። ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ ተጠየቀ። ሰጠም። በኖቬምበር 2022 የመጨረሻው ውሳኔ ሲወጣ መንገዱ ዓመቱን ሙሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ እንዲሆን ተደረገ። ጠመንጃ አልተተኮሰም፣ ማንም አልታሰረም። ሰዎች ጻፉ፣ ተናገሩ፣ ውሳኔው ተቀየረ።

የጻፉት እነማን ናቸው? ጊዜውም ቋንቋውም ያላቸው ናቸው። በዚህ አካባቢ ብዙ ወገናችን ታክሲና ኡበር ይነዳል። መንገድ ሲዘጋ ተሳፋሪ የሚያነሳበት ጥግ ይጠፋበታል፤ ትንሽ ቆም ካለ ቅጣት ይለጠፍበታል። ብዙ ወገናችን ምግብ ቤት አለው፤ ጠረጴዛ ማውጣት ይጠቅመዋል፣ የዕቃ ማራገፊያ ሰዓት ግን ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው። መፍትሔው የሚገኘው ግን ሲጠየቅ ነው።

ወደ አገር ቤት ልውሰዳችሁ። መንገድን ለሰው መዝጋት ለእኛ ባዕድ አይደለም። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ መኪና ይቆማል፣ ጎዳናው የሕዝብ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ "መንገድ ለሰው" ተብሎ በወር አንድ እሁድ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ሕዝቡ በደስታ ወጥቶ ሮጧል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት መጣ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራት ተሠራ። መንገዱ ማማሩን አልክድም። ግን ከፒያሳ የተነሱት ነዋሪዎችና ነጋዴዎች "ሐሳባችሁ ምንድነው?" ተብለው በወጉ ተጠየቁ? በዚያ ያማረ ጎዳና ላይ የሚሄደውስ ቀድሞ እዚያ የኖረው ሰው ነው?

የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። አገር ቤት ያለው ወገናችን ሳይጠየቅ ይፈርስበታል። እኛ እዚህ እየተጠየቅን ዝም እንላለን። "ዝም አይነቅዝም" የሚለው ብሂል ለአምባገነን ዘመን መደበቂያ ሆኖ ሊያገለግል ይችል ይሆናል። እዚህ አገር ግን ዝም ይነቅዛል። ዝም ያለ ሰው የለም ተብሎ ይቆጠራል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የሚወስነው ማን እንደሆነ እንወቅ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባ የላትም፤ የሚወስንላት ሮክቪል የሚቀመጠው የሞንጎመሪ ካውንቲ አስተዳደር ነው። አሌክሳንድሪያ ግን የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት አላት፤ የሕዝብ መስሚያ ስብሰባዋን ቅዳሜ ታካሂዳለች፤ ለአንድ ተናጋሪ 3 ደቂቃ ትሰጣለች። ሁለተኛ፣ ቋንቋ አያስፈራን። አሌክሳንድሪያ መረጃዎቿን በአማርኛም ታወጣለች፤ አስተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅም ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። ባለ ምግብ ቤቱ፣ ሹፌሩና በዚያው መንገድ ልጇን ይዛ የምታልፈው እናት ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፣ ከዚያ አንድ ሆነው ይናገሩ። ለዕድርና ለዕቁብ የምንሰበሰብ ሕዝብ ለዚህ መሰብሰብ አያቅተንም።

ያ ወዳጄ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤውን በየቀኑ ይከፍታል። እናንተም ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ከጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ፖስታ አንሱና ተመልከቱት። ምናልባት ስለ መንገዳችሁ የሚጠይቅ ወረቀት እየጠበቃችሁ ይሆናል።