ስለ ተራራ ጫማ ጥቂት ነገር
(የማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በተከበረበት ዕለት በማውንትሌክ ቴራስ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ይህን ጊዜ ስለ ፈቀደልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ሌሎቹ ተናጋሪዎች ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርትና ስለ ዕድራችን ሰፋ አድርገው ስለሚያቀርቡ ለእኛ የደረሰን ርእስ ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ያለ ስንል ከቁርጭምጭሚት በታች ማለታችን ነው። ስለ ጫማ ልንናገር ነው።

ነገሩ ግን እንደ ርእሱ ቀላል አይደለም። እንደሚታወቀው ከመካከላችን ብዙዎቻችን ኑሯችንን የምንገፋው መሪ ጨብጠን ነው። በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሲታክ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ሲታክ ስንመላለስ እግራችን ከፍሬንና ከነዳጅ መስጫው በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሐኪም ዘንድ በቀረብን ጊዜ ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ የደም ግፊትህ ጨምሯል፣ እባክህ ተንቀሳቀስ እንባላለን። ማኅበራችን የቅዳሜውን የእግር ጉዞ የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ጉዞ አብረውን ከወጡት መካከል በሁለተኛው ያላየናቸው ጥቂት አይደሉም። ለምን ቀራችሁ ብለን ስንጠይቅ ሰነፍኩ ያለን ሰው የለም። ተረከዜ ተላጠ፣ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቆረ፣ እግሬ ወለም አለኝ ነው መልሱ። ሰው ከጤናው መንገድ የቀረው በጫማ ምክንያት ከሆነ ጫማው መነጋገሪያ ሊሆን ይገባዋል።

አንድ አባታችን በዚሁ ጉዳይ ላይ ስንወያይ፣ «ልጆቼ፣ እኔ ከደባርቅ ጎንደር ድረስ በባዶ እግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህች ጉብታ ብዬ ሦስት መቶ ዶላር ላወጣ ነው?» ብለው አስቀውናል። እውነታቸውን ነው። ሆኖም ያ እግር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ድንጋይና እሾህ ያጠነከረው እግር ነበር፤ የዛሬው እግራቸው ግን ሃያ ዓመት ምንጣፍ ላይ የኖረ ነው። ደግሞም በባዶ እግር መሄድ ለሕዝባችን በነፃ የተገኘ ነገር አልነበረም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር በመኖር የሚመጣው፣ ሕዝባችን ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት፣ ጫማ በማድረግና እግርን ዘወትር በመታጠብ ሊከለከል የሚችል በሽታ ነው። ይህ እያለ ስንት ገበሬ እግሩን ደብቆ፣ ከሰው ርቆ ኖሯል!

ወደ ጫማው እንመለስ። መጀመሪያ ቆዳው ነው። ከዓመታት በፊት በአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ኬሚስትሪ ጀምረን ሳንጨርስ ስለ ተሰደድን፣ ከዚያ የተረፈችንን እውቀት እነሆ ዛሬ ለቆዳ እናውላት።

የከብት ቆዳ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ፀጉር የበቀለበት የላይኛው ገጽ ቃጫው ጥቅጥቅ ብሎ የተጠላለፈ ስለሆነ ውሃንና ፍትጊያን ይቋቋማል። ወደ ሥጋው በኩል ሲወርድ ቃጫው እየላላ ይሄዳል። ፋብሪካዎች ወፍራሙን ቆዳ እንደ እንጀራ በአግድም ይሰነጥቁትና ሁለት ያደርጉታል። የላይኛው ገጹ ሳይፋቅ የቀረው እዚህ አገር «ፉል ግሬይን» የሚባለው ነው፤ ለተራራ የሚፈለገውም እርሱ ነው። የታችኛው ስንጥቅ በቀለምና በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ መልኩ አምሮ፣ በርካሽ ይሸጣል። በላዩ «ጄኑዊን ሌዘር» የሚል ጽሑፍ ብታዩ ቆዳ መሆኑን እንጂ ጥሩ ቆዳ መሆኑን አይነግራችሁም። በመደብሩ ውስጥ ጫማውን ወደ መብራት አቅርባችሁ ተመልከቱት። ጥቃቅን የፀጉር ቀዳዳዎች፣ አልፎ አልፎም ከብቱ በሕይወት ሳለ አጥር የቧጨረው ጠባሳ ከታየ አትናቁት፤ ገጹ እንዳልተፋቀ ምስክር ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀውንና አንድም እንከን የሌለውን ጠርጥሩት። ቀጥሎ በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፤ ደቃቅ መጨማደድ አሳይቶ ቢመለስ ደኅና ነው፣ ከላዩ እንደ ቀለም ቅርፊት ቢሰነጠቅ ግን አስቀምጡት።

ስለ ሀገራችን ቆዳ ሳናነሣ ማለፍ አይሆንልንም። የደጋ በጋችን ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት በዓለም ገበያ የተመሰገነ ነው። ለተራራ ጫማ የሚያስፈልገው ግን ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ ነው። የአንበሳን ወይም የጥቁር ዓባይን ጫማ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ተገዝቶለት፣ ለታናሽ ወንድሙ ያወረሰ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፋ እርግጠኞች ነን። የወታደሩንም ከስክስ የማያስታውስ የለም። ከስክስ ጠንካራ ነበር፤ ለእግር ግን ይቅርታ የማያውቅ ጫማ ነው።

ሌላው የቆዳው ቁራጭ ብዛት ነው። ስፌት ባለበት ሁሉ መርፌ ያለፈበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳ ባለበት ውሃ ይገባል። ከጥቂት ሰፋፊ ቁራጮች የተሠራ ጫማ ከብዙ ትናንሽ ቁራጮች ከተገጣጠመው ይልቅ ዕድሜ አለው። ከእኛ ሰፈር ቅርብ በሆኑት በማውንት ፒልቸክና በሌክ ትዌንቲ ቱ መንገዶች የሄደ ሰው ምን ማለታችን እንደሆነ ያውቀዋል፤ መንገዱ ራሱ ወንዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስለ ሶሉ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 በኢጣልያ አልፕስ ተራራ ላይ ስድስት ወጣጮች ብርድና በረዶ ይዟቸው ሞቱ። ቪታሌ ብራማኒ የተባለ ጓደኛቸው ለአደጋው አንዱ ምክንያት የጫማቸው ሁኔታ እንደነበር ተመልክቶ፣ ጥርስ ያለው የጎማ ሶል ለመሥራት ተነሣ፤ ገንዘብ የረዳውም የመኪና ጎማ ሠሪው የፒሬሊ ድርጅት ነው። በ1937 የወጣው ይህ ሶል በስሙና በቤተሰቡ ስም መጀመሪያ ፊደላት «ቪብራም» ተብሎ እስከ ዛሬ በብዙ ጫማ ሥር ይገኛል። የእኛ ሰው ከመኪና ጎማ በረባሶ ሲሠራ ለፈጠራው ወረቀት የሚሰጠው አላገኘም እንጂ ሐሳቡስ ሩቅ አልነበረም።

ሶሉ ከቆዳው ጋር በስፌት የተያያዘ ነው ወይስ በማስቲሽ ብቻ? ብላችሁ ጠይቁ። በስፌት የተያያዘው ሶሉ ሲያልቅ ተፈቶ ሌላ ይገጠምለታል። እኛ ጎማችን ስላለቀ መኪናችንን አንጥልም፤ ጫማም እንደዚሁ ነው። ጥሩ የቆዳ ጫማ ከሁለት መቶ እስከ አራት መቶ ዶላር ቢያስወጣም፣ ሁለት ጊዜ ሶል ተቀይሮለት አሥር ዓመት ከሠራ በየሁለት ዓመቱ ከሚጣለው የሰማንያ ዶላር ጫማ ጋር ሂሳቡ ይቀራረባል፤ እግር ያተረፈው ሲታሰብ ደግሞ የሚወዳደር አይደለም። በዚህ አጋጣሚ ያገለገለ ጫማ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በብዙ ጫማዎች ሶልና ቆዳ መካከል ያለው «ፖሊዩሬቴን» የሚባል ስፖንጅ ባይደረግም እንኳ በእርጥበት ምክንያት በዓመታት ውስጥ ውስጥ ውስጡን ይበላሻል። ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት ተቀምጦ አዲስ የሚመስል ጫማ ተራራ መሐል ላይ ሶሉ እንደ ደረቀ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ልክ እንምጣ። በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ያጣ ድኻ ስለነበር ነው የሚሉ የውጭ አገር ተሳፋሪዎች አልፎ አልፎ ያጋጥሙናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የቀረበለት ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው፣ በባዶ እግሩም ልምምድ ስለነበረው፣ በልኩ ያልሆነውን ትቶ በእግሩ ተማመነ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሲሮጥም አሸንፏል። ሁለቱም ውሳኔ ትክክል ነበር። እኛ ለአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር አንሮጥም፤ ነገር ግን ልኩ ያልሆነ ጫማ ዋጋው ስለ ተቀነሰ ብቻ እንገዛለን።

ጫማ ለመግዛት ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እግር በቀኑ መጨረሻ ላይ ያብጣልና። ሁልጊዜ ተራራ የምትሄዱበትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱንም እግር አስለኩ፤ የብዙ ሰው አንደኛው እግር ከሌላው ይበልጣል፣ ጫማውም የሚገዛው ለትልቁ ነው። እኛ የለመድነው 41፣ 42 የሚለው ቁጥር እዚህ አገር ሌላ ስለሆነ፣ ከዚያም በላይ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ በቁጥር አትመኩ። ከርዝመቱ ይልቅ ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ስፋቱ ነው። በልጅነቱ በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ ያደገ ሰው ከፊት በኩል እግሩ ሰፋ ያለ ነው። ሻጩ አንድ ቁጥር ጨምርልኝ ስትሉት ደስ ብሎት ይጨምራል፤ ያኔ ፊቱ ይሰፋል፣ ተረከዙ ግን ይዋኛል፤ ተረከዝ ከዋኘ ደግሞ ውሃ ይቋጥራል። መፍትሔው በርዝመት ሳይሆን በስፋት የሚጨምረውን «ዋይድ» የሚባለውን መጠየቅ ነው።

ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን እስከ ጫፉ ግፉት፤ ያኔ ከተረከዛችሁ በስተኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ አስራችሁ ተራመዱ። ተረከዙ ከቦታው መነሣት የለበትም። ትልልቆቹ መደብሮች ዘንበል ያለ ሰው ሠራሽ መወጣጫ አላቸው፤ አትፈሩ፣ ሰው ቢያያችሁም ውጡበት፣ ከዚያም ቁልቁል ውረዱ። ጥፍር የሚጠቁረው ዳገት ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ነው። ስትወርዱ ጣታችሁ የጫማውን ጫፍ ከነካ ያ ጫማ የእናንተ አይደለም። ሻጩ «ሲለመድ ይሰፋል» ቢላችሁ፣ ቆዳ በስፋት ጥቂት ይለቃል፣ በርዝመት ግን አይጨምርም በሉት።

እዚሁ ሲያትል በ1938 የተቋቋመው አር ኢ አይ አጀማመሩ ከእኛ ማኅበር ብዙ የማይርቅ ነበር፤ ሎይድና ሜሪ አንደርሰን ከተራራ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ጥሩ ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማግኘት ሲሉ ያቋቋሙት የኅብረት ሱቅ ነው። ከእርሱም ይሁን ከሌላ ስትገዙ ተደርጎ የማይስማማ ጫማ እስከ ስንት ቀን እንደሚመለስ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።

ስኳር ላለባችሁ አባላት ለብቻ የምንለው አለን። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ጫማ ሲልጣችሁ ላይሰማችሁ ይችላል፤ ትንሿ ቁስል ሳትታወቅ ከርማ ጣት እስከ ማስቆረጥ ትደርሳለች። ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ከጉዞ ስትመለሱ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ የእግራችሁን መዳፍ በመስታወት ተመልከቱ፣ ወይም ልጆቻችሁ ይዩላችሁ። እንደ ነውር የሚቆጠር ነገር አይደለም።

አዲስ የቆዳ ጫማ ገዝቶ በማግሥቱ ተራራ መውጣት አይገባም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ባሊንጀር ሐይቅ ዳር ወይም በኢንተርኧርባን መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት እየተራመዳችሁ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት አለማምዱት። ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ በጥላ ይድረቅ እንጂ በማሞቂያ ወይም በመኪና ሙቀት አታድርቁት፤ ቆዳው ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ሊስትሮ የሚቀባው ቀለም ያሳምረዋል እንጂ ከውሃ ብዙም አይከላከልለትም፤ ለዚህ ሰም ያለበት ቅባት አለ። ስፌቶቹ ላይ አብዝታችሁ ቀቡ። እንደ ሀገር ቤት ሞራ ማብዛት ግን ቆዳውን ያልፈሰፍሰዋል።

አንድ የባለ ሙያ ምክር እንጨምር፦ በተራራ ጫማ መኪና አትንዱ። ሶሉ ወፍራም ስለሆነ የፍሬኑ ስሜት አይታወቅም። በሌላ ጫማ ነድታችሁ እዚያ ስትደርሱ ቀይሩ።

የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ዋላስ ፏፏቴ ነው። ከጉዞው በፊት በሚውለው ቅዳሜ በስብሰባው ሰዓት፣ የገዛችሁትን ጫማ ከነካልሲው ይዛችሁ ብትመጡ ልኩን አብረን እናያለን። ያልገዛችሁም ወረቀቱ ላይ ስማችሁን አስፍሩ፤ በአራትና በአምስት ሆነን በሁለት መኪና ወደ መደብር እንወስዳችኋለን፤ የታክሲ ሂሳብ አናስከፍልም።