ጉልበት ከተቀየረ በኋላ ቀጥ ብሎ ስለ መቆም



የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ያደረጉ እናቶችና አባቶች ያሏቸው ቤተሰቦች «ቁስሉ ድኗል፣ ሕመሙም ቀሏል፤ ታዲያ ለምን ይንገዳገዳሉ?» እያሉ ይጠይቁናል። የዛሬው ዝግጅታችን በዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ሕክምና ያለቀው የጭንና የቅልጥም አጥንት ጫፍ በብረትና በጠንካራ ፕላስቲክ ይተካል። ብረቱ ሸክም ይችላል፤ ስሜት ግን የለውም። አላህ (ሱ.ወ.) በጉልበታችን ዙሪያ ባሉ ጅማቶችና ጡንቻዎች ውስጥ፣ እግራችን ምን ያህል እንደታጠፈ ለአንጎል የሚያሳውቁ ነርቮችን አድርጓል። ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ እግራችን የት እንዳለ የምናውቀው በነርሱ ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ሲከርም ይህ ስሜት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጀምሮ ይዳከማል፤ የጭን ጡንቻም ይሟሽሻል። በዚያ ላይ በሽተኛው ለዓመታት ክብደቱን በደህናው እግር ላይ መጣል ለምዷል። ልማድ ደግሞ በሐኪም ቢላ አይቆረጥም።

ስለዚህ ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት ብቻውን አይበቃም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲፈቅድ፣ የማይንቀሳቀስ ከባድ ጠረጴዛ ይዞ መቆም፤ ክብደትን ቀስ እያሉ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፤ ቀጥሎ እግሮችን ገጥሞ መቆም፤ ከዚያ የአንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አድርጎ መቆም፤ ሲጠነክሩ ደግሞ ጠረጴዛውን እንደያዙ በተቀየረው እግር ብቻ ለጥቂት ሰኮንድ መቆም ነው። ዓይን ጨፍኖ መሞከር ያለ ባለሙያ አይሆንም። ከኋላ ወንበር፣ ከጎን ሰው ይኑር። ጥንካሬው ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ስድስት ወር፣ ለአንዳንዱም ዓመት ይፈጃል።

አደጋው የሚያጋጥመው ባልጠረጠርነው ቦታ ነው። ለዉዱእ እግርን ማንሳት፣ በመስጂድ በር ላይ በአንድ እግር ቆሞ ጫማ ማውለቅ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍ! ጫማውን ተቀምጦ ቢያወልቅ፣ ዉዱእም ወንበር ላይ ሆኖ ልጅ ውሃ ቢያፈስለት ምን ነውር አለው?

ስለ ሰላቱም እንጠየቃለን። በፈርድ ሰላት መቆም ለሚችል ሰው ሩክን ነው። ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነ በጎኑ እንዲሰግድ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) መንገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። እወድቃለሁ ብሎ በእውነት የሚሰጋም ዑዝር አለው። ግን መቆም እየቻሉ በልማድ ብቻ ከወንበር የማይነሱ አሉ። መቆም ችሎ ሱጁድ መውረድ ያቃተው፣ ብዙዎቹ ዑለማዎች እንደሚሉት ቂያሙን ቆሞ ይሰግዳል፤ ለሱጁድ ተቀምጦ ከሩኩዑ ዝቅ ብሎ ያጎነብሳል። በአዲሱ ጉልበት መንበርከክ ለብዙዎች አይመችም፤ በጠባሳው አጠገብ ያለው ቆዳም ይደነዝዛል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ሰላትን ስፖርት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ዒባዳ ነው እንላለን። የታዘዘው ልምምድ በራሱ ሰዓት ይሠራ።

ልጆች ሆይ! አባታችሁ ከመቀመጫው ሲነሳ ፈጥናችሁ አትሸከሙት፤ አጠገቡ ቁሙ፣ ራሱ ይነሳ። ባቱ ካበጠና ካመመው፣ ቁስሉ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከያዘው ግን ልምምዱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም አድርሱት፤ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ካመመው ደቂቃም አትጠብቁ።