ተመላሽ ደብዳቤና የአባላት መዝገብ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። «ባለቤቱ አልተገኘም» ተብሎ ከፖስታ ቤት ስለሚመለስ ደብዳቤ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በፖስታው ውስጥ ያለው ግን የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ወይም የትርፍ ክፍፍል ማስታወቂያ ነው። ጥሪው ያልደረሰው አባል ድምፁን አይሰጥም። ክፍፍሉን ያልሰማም ገንዘቡን ሳይወስድ ይቀራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደተባለው፣ ስለ ራሱ ሀብት መጨረሻ የሚሰማው እሱ ይሆናል።

ደብዳቤ ለምን ይመለሳል? በአገራችን ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፖስታ ሣጥን ነው። የሣጥኑ ኪራይ ካልተከፈለ አገልግሎቱ ይቋረጣል። ቀበሌዎች ሲዋሐዱ ስማቸው ይለወጣል። አባል ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ ይሞታልም። የአያት ስም ካልተጻፈ ደግሞ የአንዱ ደብዳቤ ለሞክሼው ይሰጣል።

«ዛሬ ሞባይል አለ» የሚል አይጠፋም። ሞባይልም ቢሆን ትክክለኛ መዝገብ ይፈልጋል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የስልክ ቁጥሮች ወደ 10 አኃዝ ስለተለወጡ ከዚያ በፊት የተመዘገበ ቁጥር እንዳለ ቢደወል አይሠራም።

ስለዚህ የሚከተሉት ቢፈጸሙ ይጠቅማል፦

1. የላኪው አድራሻ በፖስታው ላይ ይጻፍ። ያለዚያ ደብዳቤው ተመልሶ አይመጣም፤ እኛም ደርሷል ብለን እንቀመጣለን።

2. ተመላሹ በመጣበት ዕለት ቀኑና ምክንያቱ ይመዝገብ። የቀድሞው አድራሻ አይፋቅ፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ አዲሱ ከጎኑ ይጻፍ።

3. ሳይጣራ በዚያው አድራሻ ደግሞ መላክ ቴምብር ማባከን ነው። አባሉን የሚያውቁ ጎረቤቶችና የቀበሌው ሰዎች ይጠየቁ።

4. አባሉ ምርት ሲያስረክብ ወይም ማዳበሪያ ሲወስድ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ አድራሻውና ስልኩ ይረጋገጥ።

5. መሠረታዊ ማኅበሩ ያረመውን ለዩኒየኑ ያሳውቅ፤ ሁለቱ መዝገቦች አይለያዩ።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ይህን ነው። አድራሻው ጠፋ ማለት አባልነቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ደብዳቤው ስለተመለሰ ብቻ ስሙን ከዝርዝር የምናወጣ ከሆነ፣ ለዓመታት እህሉን ያስረከበን ሰው ሳያውቅ እናሰናብተዋለን። የሞተ አባል ከሆነም ባለቤቱና ልጆቹ ይፈለጉ፤ ያ ገንዘብ ለደብተርና ለዘር መግዣ ይጠብቁት ይሆናል።

የማኅበራት ጸሐፊዎች፣ በየመሳቢያችሁ ያሉትን ተመላሽ ደብዳቤዎች ከሚቀጥለው ክፍፍል በፊት አውጥታችሁ ባለቤቶቻቸውን እንድትፈልጉ በትሕትና እጠይቃለሁ።