ግብር የሚያጭበረብርን መጠቆምና ወሮታው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ግብር የሚሰርቅ አሠሪን የጠቆመ ሰው መንግሥት ገንዘብ ይሰጠዋል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለቀረበ፣ ኮሚቴው ባዘዘኝ መሠረት ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አዎ፣ እውነት ነው። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሕግ መሠረት የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ አይ.አር.ኤስ.፣ በጥቆማው ከሰበሰበው ገንዘብ ከ15 እስከ 30 በመቶ ለጠቋሚው ይከፍላል። የስዊሱ ዩ.ቢ.ኤስ. ባንክ ሠራተኛ የነበረው ብራድሊ በርከንፌልድ በ2012 104 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። ግን በማጭበርበሩ እጁ ስለነበረበት አስቀድሞ ታስሯል።

ታዲያ እንደ ሎተሪ አትዩት። ይህ ድርሻ የሚታሰበው የተሰወረው ግብር ከነቅጣቱና ከነወለዱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር ሲበልጥ ነው። ተጠቋሚው ግለሰብ ከሆነም ዓመታዊ ገቢው ከ200 ሺህ ዶላር መብለጥ አለበት። ከዚያ በታች መክፈል አለመክፈሉ የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ነው። ክፍያው ገንዘቡ ተሰብስቦ ክርክሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ዓመታት ይወስዳል፤ እሱም ራሱ ግብር ይከፈልበታል።

«እንግዲያው ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙዎቻችን ምግብ ቤት፣ ጽዳትና አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነን። ደመወዛችንን ያለ መዝገብ በካሽ የሚሰጥ አሠሪ መንግሥትን ብቻ አይደለም የሚሰርቀው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል የተመዘገበ ሥራ ያስፈልጋል። ያልተመዘገበ ደመወዝ አይቆጠርም። ዕድሜዋን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ የኖረች እህት ጡረታ ልትጠይቅ ስትሄድ ስሟ ላይ ምንም የለም ማለት ነው።

በደርግ ጊዜ ላደግን ሰዎች «ጠቋሚ» የሚለው ቃል እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ተብለንም አድገናል። ነገር ግን ጎረቤትን አሳልፎ መስጠትና የራስን ላብ መጠየቅ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ እነዚህን ያዙልኝ፦

አንደኛ፣ ወሮታ የሚፈልግ ቅጽ 211 ሞልቶ፣ ሐሰት ብናገር በሕግ ልጠየቅ ብሎ ይፈርማል። ወሮታ የማይፈልግ ቅጽ 3949-ኤ ይሞላል፤ ስሙን መጻፍ ግዴታው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ያያችሁትን ከነቀኑና ከነገንዘቡ መጠን ጻፉ። በቂም ወይም በወሬ አትጠቁሙ፤ የማይመለከታችሁን ወረቀት ከቢሮ አታውጡ። በካሽ የተቀበላችሁትንም ገቢ እናንተ አስታውቁ፤ ያ የእኛ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ ጠቁማችኋል ተብላችሁ ከሥራ ብትባረሩ ከ2019 ጀምሮ ሕግ ይከላከልላችኋል። አቤቱታው ግን ለሠራተኛ ሚኒስቴር በ180 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ቀኑ ካለፈ መብቱም ያልፋል። ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ሰው አማክሩ።

አራተኛ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባችሁን በየዓመቱ እዩ። የጎደለ ደመወዝ ካለ የማስተካከያ ጊዜው ከሦስት ዓመት ብዙም አይበልጥም። ኢንተርኔቱ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ከስብሰባው በኋላ ጠብቁኝ፣ አብረን እናየዋለን።